ቀጠሮ የማይሰጥ ዳኝነት

አማርኛችን ችሎት ላይ ተቀምጦ የሚፈርደውንም፣ ፊሽካ ይዞ ሜዳ ላይ የሚሮጠውንም በአንድ ስም «ዳኛ» ብሎ ይጠራቸዋል። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የሥራቸው ሁኔታ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የችሎቱ ዳኛ ከሳሽና ተከሳሽን በየተራ ይሰማል፤ ምስክር ይጠራል፤ ሰነድ ይመረምራል፤ ነገሩ ካልጠራለትም ቀጠሮ ይሰጣል። በፍርዱ ያልተስማማው ወገንም ይግባኝ የሚልበት ሌላ ደጅ አለው። የሜዳው ዳኛ ግን ሃያ ሁለት ተከራካሪዎች በዙሪያው እየሮጡ፣ እርሱም እያለከለከ፣ ያየውን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ተርጉሞ መፍረድ ይጠበቅበታል። ቀጠሮ የለውም። ምስክሮቹ ሁሉ የጉዳዩ ባለቤቶች ናቸው።

በየዩኒቨርሲቲው በትምህርት ክፍሎች መካከል በሚደረጉ ውድድሮች፣ እንዲሁም በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ ሜዳ ይህን ከባድ ሥራ የሚሸከሙት ብዙውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው። ጀማሪው ዳኛ የሚፈርድባቸው ተጫዋቾች ትናንት አብረውት የተማሩ፣ ነገ በቤተ ሙከራ አብረውት የሚቆሙ እኩዮቹ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ምነው ዳኛ! ዐይን የለህም እንዴ?» ያለው ተጫዋች ሰኞ ጠዋት ከጎኑ ይቀመጣል። ስለዚህ ቅሬታው ከመጨረሻው ፊሽካ ጋር አያበቃም፤ ማታ መኝታ ክፍል ድረስ ይከተላል። «እውነት ተሳስቼ ይሆን? ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ያንገላታል። አንዳንዱም በዚህ ምክንያት ፊሽካውን ያስቀምጣል።

ለጀማሪ ዳኞች ሁለት ዓይነት ምክር ሲሰጥ እንሰማለን። አንደኛው «ጆሮ ዳባ ልበስ በል፤ ማንንም አትስማ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሁሉንም ለማስደሰት ሞክር፤ ነገር አታብዛ» ይላል። በእኛ እምነት ሁለቱም ስሕተት ናቸው። ሳይንስ ስለ ሰው ዐይን፣ ስለ አእምሮና ስለ ውሳኔ ያስተማረን ነገር ሦስተኛ መንገድ ያሳያል፤ እርሱም ጥርጣሬን ማጥፋት ሳይሆን ለጥርጣሬ ትክክለኛ ቦታና ጊዜ መስጠት ነው።

የዐይን ወሰን

በመጀመሪያ የሥራውን መጠን በቁጥር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው አንድ ዋና ዳኛ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 137 ያህል በግልጽ የሚታዩ ውሳኔዎችን ይሰጣል። ይህ ማለት በየ40 ሰከንዱ ገደማ አንድ ውሳኔ ማለት ነው። ከመቶው ዘጠና አምስቱን ትክክል የሚፈርድ ድንቅ ዳኛ ቢገኝ እንኳ በስሌት ወደ ሰባት የሚጠጉ ስሕተቶች ይቀሩታል። በፈተና ከመቶ ዘጠና አምስት ያመጣ ተማሪ ይሸለማል፤ በሜዳ ላይ ግን ሰባቱ ስሕተቶች ብቻ ይወራሉ።

ስሕተቶቹ ከየት ይመጣሉ? የጎሉ ምንጭ ብዙውን ጊዜ ስንፍና ወይም አድልዎ ሳይሆን የብርሃንና የጂኦሜትሪ ሕግ ነው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት ይህንን ከጨዋታ ውጪ በሚለው ውሳኔ ላይ አሳይተዋል። ረዳት ዳኛው ከመጨረሻው ተከላካይ ጋር በትክክል ትይዩ ሆኖ ካልቆመ፣ ጥቂት ወደ ጎሉ መስመር ቀረብ ካለ፣ ከተከላካዩ ወዲያ ማዶ የሚሮጠው አጥቂ ትይዩ ሆኖ ሳለ የቀደመ መስሎ ይታየዋል። ከተከላካዩ ወዲህ ያለው አጥቂ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ኋላ የቀረ ይመስለዋል። አንባቢ ይህን በወረቀትና በማስመሪያ ሥሎ ሊያረጋግጠው ይችላል። ዐይኑ ጤነኛ፣ ልቡም ቅን የሆነ ሰው በዚያ ቦታ ከቆመ ሊሳሳት ግድ ነው።

የጊዜም ጣጣ አለ። አጥቂው በሰከንድ 7 ሜትር ወደ ፊት፣ ተከላካዩ በሰከንድ 5 ሜትር ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ቢሮጡ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሰከንድ 12 ሜትር ይለዋወጣል። ዳኛው ኳሱ ከተመታበት ሥፍራ ዐይኑን አንሥቶ ወደ ተከላካዮቹ መስመር ሲያዞር አንድ አሥረኛ ሰከንድ ብቻ ቢያልፍ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች 1.2 ሜትር ተለዋውጠዋል። ሰው ደግሞ ላየው ነገር ምላሽ ለመስጠት በቀላሉ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል። በትልልቅ ውድድሮች ላይ ሁለት የሠለጠኑ ረዳት ዳኞች እያሉ እንዲህ ከሆነ፣ ብቻውን በሜዳው መካከል ቆሞ የሚዳኘው ተማሪ ምን ያህል ሊከብደው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

«ካሜራ ቢኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» የሚል አይጠፋም። የቪዲዮ ረዳት ዳኛ እ.ኤ.አ. በ2018 በሩሲያ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ላይ ሥራ ላይ ውሎ ብዙ ግልጽ ስሕተቶችን ማረሙ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩን አላስቀረውም። በአምስት የአውሮፓ አገሮች በሚገኙ ከፍተኛ ዳኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ዳኞቹ ተመሳሳይ የጥፋት ትዕይንቶችን በመደበኛ ፍጥነትና በዝግታ እንዲያዩ ተደርገው ነበር። ጥፋት መኖር አለመኖሩን በመለየት ረገድ በመደበኛው ፍጥነት 61 ከመቶ፣ በዝግታው 63 ከመቶ ያህል ትክክል ሆኑ፤ ልዩነቱ ኢምንት ነው። የካርድ ውሳኔያቸው ግን በዝግታ ሲያዩት ጠንከር ያለ ሆነ። አስቸጋሪ የሆነ ጥፋት ለከፍተኛ ዳኛም በምስል ፊት አስቸጋሪ ነው ማለት ነው።

ሁለት ዓይነት ስሕተት

የሳይንስ ተማሪዎች የሆናችሁ አንባቢያን በራዳር ሥራ ላይ የሚነሣውን ጥያቄ ታስታውሱ ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ራዳር የሚቆጣጠር ሰው በማያ ገጹ ላይ ብልጭ ያለችው ነጥብ የጠላት አውሮፕላን ትሁን ወይም ተራ ሁካታ መወሰን ነበረበት። በትንሹም በትልቁም ማስጠንቀቂያ ቢያሰማ ሠራዊቱን በከንቱ ያደክማል፤ በጣም እርግጠኛ እስኪሆን ቢጠብቅ ደግሞ አውሮፕላኑ ያመልጠዋል። አንዱን ስሕተት በቀነሰ ቁጥር ሌላው ይጨምራል። ከዚህ ሐሳብ የዳበረው ንድፈ ሐሳብ ዛሬ በሕክምና ምርመራም፣ በሥነ ልቦናም ያገለግላል።

የሜዳው ዳኛ ዕጣም ይኸው ነው። ጥፋት ያልሆነውን ጥፋት ብሎ ሊነፋ፣ ጥፋት የሆነውን ሊያልፍ ይችላል። ፊሽካውን ቢያበዛ የመጀመሪያው ስሕተት ይበዛል፤ ቢቆጥብ ሁለተኛው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ደፍ የለም። እንግዲያው ተጫዋቾች ከጀማሪ ዳኛ በፍትሕ ሊጠይቁት የሚገባው ነገር ከስሕተት ነጻ መሆንን አይደለም፤ ደፉን ለሁለቱም ቡድን፣ በአሥረኛውም ሆነ በሰማንያኛው ደቂቃ፣ በአንድ ቦታ እንዲያቆይ ነው። ጀማሪውም ራሱን ሲገመግም «አንድ ጊዜ እንኳ ተሳስቻለሁን?» ከማለት ይልቅ «ለአንዱ የነፋሁትን ለሌላው ነፍቻለሁን?» ብሎ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ አንድ በመሆኑ ከማሠቃየት በቀር የሚያስተምረው የለም።

ቅሬታ ማስረጃ ነውን?

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1951 የፕሪንስተንና የዳርትማውዝ ኮሌጆች ቡድኖች በአሜሪካ እግር ኳስ ተገናኝተው ብዙ ጉዳት የደረሰበት ጨዋታ አደረጉ። ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱ ኮሌጆች ተማሪዎች አሳይተው የተፈጸሙትን ጥፋቶች እንዲቆጥሩ ጠየቋቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 የታተመው ውጤት ዛሬም ይጠቀሳል፤ የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትማውዝ ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት የዳርትማውዝ ተማሪዎች በራሳቸው ቡድን ላይ ከቆጠሩት ከእጥፍ በላይ ነበር። ፊልሙ አንድ ነው። የሚዋሽም ላይኖር ይችላል። እያንዳንዱ ወገን ያየውን ያየው በወገንተኝነቱ መነጽር ነው።

ይህ ለጀማሪ ዳኛ ትልቅ መጽናኛ ሊሆነው ይገባል። አሥር ተጫዋቾች በአንድነት ከበው ቢጮኹ የአሥር ገለልተኛ ምስክሮች ቃል አልቀረበለትም። አንድ ወገን አሥር ጊዜ ተናገረ እንጂ። የጩኸቱ ብዛት የእውነቱን ክብደት አይጨምርም። ተጫዋቹም ቢሆን አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም፤ ከልቡ አምኖ የሚጮኽ ብዙ ነው። ስለዚህ ቅሬታ አቅራቢውን እንደ ውሸታም መቁጠርም፣ እንደ ምስክር መቀበልም ተገቢ አይደለም።

ሆኖም ጩኸት በዳኛው ላይ ኃይል እንዳለው መካድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት 40 ዳኞች ከአንድ የሊቨርፑልና የሌስተር ሲቲ ጨዋታ የተወሰዱ 47 ትዕይንቶችን ተመለከቱ፤ ከፊሎቹ የተመልካቹን ድምፅ እየሰሙ፣ ከፊሎቹ ድምፁ ጠፍቶ። ድምፁን የሰሙት ዳኞች በባለሜዳው ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት ድምፁን ካልሰሙት በ15.5 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ጨዋታዎች በዝግ ስታዲየም ሲካሄዱም በእንግዳ ቡድኖች ላይ ይመዘዝ የነበረው የቢጫ ካርድ ብዛት መቀነሱን በርካታ ጥናቶች መዝግበዋል። ጫና መኖሩን የሚያውቅ ዳኛ ራሱን ይጠብቃል። «እኔ ምንም አይነካኝም» የሚለው ግን ለጫናው ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

የማካካስ ፈተና

ጥርጣሬ እጅግ አደገኛ የሚሆነው ወደ ማካካስ ሲመራ ነው። ጀማሪው ዳኛ በአንዱ ቡድን ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ይሰጣል፤ ቅሬታ ይዘንብበታል፤ ልቡ ይረበሻል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በሌላኛው ሳጥን ውስጥ አንድ አጥቂ ሲወድቅ «ይህን ብሰጥ ሚዛኑ ይስተካከላል» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ይህ የጀማሪ ብቻ ፈተና እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የጀርመን ጥናት አሳይቷል። በጥናቱ የተሳተፉ ሰዎች ለአንድ ቡድን አስቀድመው ፍጹም ቅጣት ምት ከሰጡ ለዚያው ቡድን ሁለተኛ የመስጠት ዝንባሌያቸው ቀንሶ፣ ለተጋጣሚው የመስጠት ዝንባሌያቸው ግን ጨምሮ ታይቷል።

ማካካስ ቸርነት ይመስላል፤ በስሌት ግን ኪሳራ ነው። አንድ ስሕተት በነበረበት ቦታ ሁለት ይሆናል። ከዚያም በላይ ተጫዋቾቹ ጩኸት ዋጋ እንዳለው ይማራሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ውሳኔ እንደ ገበያ ዋጋ የሚጨቃጨቁበት ይሆናል። በመሆኑም ያለፈው ውሳኔ ልክ ይሁን ስሕተት ለሚቀጥለው ውሳኔ አንዳች ክብደት ሊኖረው አይገባም።

በሜዳ ላይ የሚጠቅሙ ልማዶች

ይህን ሁሉ ካወቅን ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ለቅሬታ ከሁሉ የሚሻለው መልስ ቅርበት ነው። ከአርባ ሜትር ርቀት የተነፋ ትክክለኛ ፊሽካ ከአሥር ሜትር ርቀት ከተነፋ አጠራጣሪ ፊሽካ ይልቅ ብዙ ክርክር ያስነሣል። ከፍተኛ ዳኞች በአንድ ጨዋታ ከ9 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሮጡት በከንቱ አይደለም። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ፣ አየሩ ሳስቶ ሳለ፣ የደከመ አካል የደከመ ፍርድ ይሰጣል። ስለዚህ ልምምድ ለዳኛ የፍትሕ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛ፣ ፊሽካን አፍ ውስጥ ይዞ ከመሮጥ በእጅ መያዝ ይመረጣል። ከእጅ ወደ አፍ እስኪደርስ የምታልፈው ቅጽበት አእምሮ ያየውን የሚያጣራባት ጊዜ ናት።

ሦስተኛ፣ ጥያቄንና ክስን መለየት ያሻል። «ዳኛ፣ ጥፋቱ ምን ነበር?» ብሎ በጨዋነት የሚጠይቅ ተጫዋች «ከኳሱ በፊት እግሩን ነክተሃል» የሚል አጭርና የተረጋጋ መልስ ይገባዋል። «ይሄ እንዴት ጥፋት ይሆናል!» ብሎ የሚያማርር ግን መልስ አይሻም፤ ንዴቱን እያስወጣ ነው። ንዴቱ ከዚያ ካላለፈ ዝምታ ይበቃል። ሌሎችን ሊያነሣሣ ከጀመረ ደረጃ በደረጃ መሄድ ነው፤ በመጀመሪያ ለብቻው ዝቅ ባለ ድምፅ መናገር፣ ቀጥሎ አምበሉን ጠርቶ በግልጽ ማስጠንቀቅ፣ ከዚያም ቢጫ ካርድ። በቃል ወይም በድርጊት የዳኛን ውሳኔ መቃወም በጨዋታው ሕግ በቢጫ ካርድ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። ስድብ ደግሞ ቀይ ካርድ ያስመዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ የዋሉት ካርዶች የታሰቡት ቋንቋ ሳያግዳቸው ለሁሉም እኩል እንዲናገሩ ነው፤ በእኩዮቹ መካከል ለሚዳኝ ተማሪም ከመነታረክ ያድኑታል።

አራተኛ፣ ውሳኔን መለወጥ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ወሰን አለው። ጨዋታው ዳግም ካልተጀመረ፣ ዳኛው በራሱ ወይም ረዳቱ በሰጠው መረጃ ስሕተቱን ከተረዳ ሕጉ ያንን ውሳኔ እንዲያርም ይፈቅድለታል። ጨዋታው ከቀጠለ ግን ጉዳዩ ተዘግቷል። ምክንያቱ መረጃ ከሆነ ማረም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ጩኸት ከሆነ ግን መጽናት ይገባል።

ጥርጣሬ በቤቱ

እንግዲህ ጥርጣሬ የሚኖርበት ቤት የት ነው? መልሳችን፦ ከመጨረሻው ፊሽካ በኋላ ነው። በቤተ ሙከራ መለኪያን የሚያነብ ተማሪ የንባቡን የስሕተት ወሰን አብሮ ይመዘግባል፤ መሣሪያው ፍጹም ስላልሆነ ግን ንባቡን አይተውም። ዳኛም እንዲሁ ያድርግ። ማታ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ያጠራጠሩትን ሁለት ወይም ሦስት ውሳኔዎች ይጻፍ። ከየት ቆሜ አየሁት? በመካከል የከለለኝ ሰው ነበርን? ቀድሜ ምን ጠብቄ ነበር? ሕጉ ቃል በቃል ምን ይላል? ቅሬታዎቹንም እዚህ ላይ ይመልከታቸው፤ በሜዳ ላይ ማስረጃ ያልሆነው ቅሬታ እዚህ ጠቋሚ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቡድኖች በየጨዋታው ስለ አንድ ነገር ካማረሩ፣ ለምሳሌ ስለ እጅ ኳስ፣ የዳኛው ደፍ ሕጉ ካስቀመጠው ቦታ ሸርተት ብሎ ይሆናል።

«ለዚህ አልተፈጠርኩም» የሚለው ጥርጣሬ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስለ አንድ ውሳኔ መጠራጠር ይመረመራል፤ ይታረማል። ስለ ራስ ማንነት መጠራጠር በአንድ ቅዳሜ ጨዋታ ሊመረመር አይችልም፤ አንድ ንባብ አማካይ አይሆንምና። እ.ኤ.አ. በ2018 በሩሲያ ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ የነበሩት ባምላክ ተሰማ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2015ና በ2019 ለሴቶች የዓለም ዋንጫ የተመረጡት ሊዲያ ታፈሰ ጀማሪ የነበሩበት ጊዜ ነበር። ማንም ባለሙያ በአንድ ቀን አልበሰለም።

የቀረነው የእኛ ድርሻ

እስካሁን የተናገርነው ለዳኛው ነው። ሸክሙን በእርሱ ላይ ብቻ መጫን ግን ግፍ ይሆናል። ቅሬታ ሌላ፣ ጥቃት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በኔዘርላንድ አልሜሬ ከተማ የልጁ ቡድን ሲጫወት በፈቃደኝነት መስመር ይዳኝ የነበረ አባት ከጨዋታው በኋላ በወጣት ተጫዋቾች ተደብድቦ በማግሥቱ ሕይወቱ አልፏል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 በፕሪሚየር ሊጉ በአንድ ዳኛ ላይ በደረሰ ድብደባ ሳቢያ ውድድሩ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ ጀንበር አይበቅልም። «ሌባ!» የሚለው ጩኸት እንደ ተራ ቀልድ ከታለፈበት ሜዳ ይጀምራል።

ሌሎች አገሮች የሞከሯቸው መፍትሔዎች አሉ። እንግሊዝ ከ2019/20 የውድድር ዘመን ጀምሮ በታችኛው እርከን የዳኛን ውሳኔ የሚቃወም ተጫዋች ለ10 ደቂቃ ከሜዳ እንዲወጣ የሚያደርግ ደንብ በሥራ ላይ አውላለች። እ.ኤ.አ. በ2024 በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ደግሞ ዳኛውን ቀርቦ ማነጋገር የሚችለው አምበሉ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። ሁለተኛው ደንብ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። የተማሪዎች ውድድር አዘጋጆች በሚቀጥለው ውድድር ከመጀመሪያው ጨዋታ አንሥተው ቢሠሩበት፣ ለእያንዳንዱ ጀማሪም ከሜዳው ጠርዝ ሆኖ የሚመለከትና ከጨዋታው በኋላ አብሮት የሚነጋገር ልምድ ያለው ዳኛ ቢመድቡለት እንላለን።

ለተጫዋቾችም አንድ ሐሳብ እናቅርብ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በልምምድ ጨዋታ ላይ ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ለሃያ ደቂቃ ፊሽካውን ይያዝ። የሰው ዐይን ወሰን ያለው መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ቤተ ሙከራ አናውቅም፤ ወጪውም አንድ ፊሽካ ነው።